ነጭ ሽንኩርት የሚሸጠው የባንክ ሰው

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ያለው ወንበር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሞላው። ነጭ ሽንኩርት እሸታለሁ። ሌላው ቦታ ሁሉ ሲያዝ የዘገየው ተሳፋሪ በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይመጣና የጋቢውን ጫፍ ወደ አፍንጫው ሳብ አድርጎ ይቀመጣል። እጄ በሳሙና ቢታጠብ፣ በሎሚ ቢታሽ ሽታው ከጥፍር ሥር አይወጣም። ባንክ ቤት ስሠራ ቀኑን ሙሉ የምነካካው ያደፈ ብር ነበር፤ ያኔ ግን የሸሸኝ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ወንበር የሚለቅልኝ ይበዛ ነበር።

ባንክ የሠራሁት እዚሁ ደባርቅ ነው። አካውንቲንግና ፋይናንስ ተምሬ ስመለስ አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ቀጠረኝ። የደባርቅ ብርድ ከጧት እስከ ማታ አይለቅም፤ እኛ ግን ሱፍና ከረባት ግዴታችን ስለነበር ከሸሚዛችን ሥር ሁለት ሹራብ ደርበን፣ እንደ ታጨቀ ጆንያ ተነፋፍተን መስኮት ላይ እንቀመጥ ነበር። ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ከከተማው ወጣ ብለው ገብስ ያርሱ ነበር፤ ከገብሱ ይበልጥ የሚታወቁት ግን በዕርቅ ነው። ደም የተቃቡ ሰዎች የሚታረቁት አጎቴ መሀል ሲገቡ ነበር። እኒህ ሰው አይዋሹም ስለሚባል ሁለቱም ወገን ቃላቸውን አምኖ ወደ ቤቱ ይገባል። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በተዘጋው ባንካችን ደጅ ቆም ይሉና አብሯቸው ላለው ሰው በዱላቸው እያመለከቱ፣ የእኛ ልጅ እዚህ ነው ይሉ ነበር።

ባንክ መሥራት ምን ይመስላል ሲሉኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ሲዘጋ ቅርንጫፋችን የተጣለበትን የተቀማጭ ኮታ መሙላት ነበረበት። ስለዚህ ወሩ እየተገባደደ ሲመጣ ስልክ ይዤ የከተማውን ነጋዴ ሁሉ እለምናለሁ። ለትንሽ ቀን ብቻ አስቀምጡልን፣ ሐምሌ ሲገባ ታወጡታላችሁ እላለሁ። ሰዎቹም ይሉኝታ ይይዛቸውና ያስቀምጣሉ፤ ሐምሌ እንደባተ ደጃችን ላይ ተሰልፈው ያወጡታል። በመሀሉ ግን ሪፖርቱ አዲስ አበባ ደርሷል፣ ሥራ አስኪያጃችንም ተጨብጭቦለታል። የእህል ነጋዴ ከጆንያው አፍ ላይ ደህናውን፣ ከሥር የነቀዘውን ሲያደርግ ሌባ ይባላል። እኛ ያንኑ ስናደርግ ዕድገት ይባል ነበር።

አንድ ጊዜ ስለ ኢንቨስትመንት ፈንድ ልትሠለጥኑ ነው ብለው አዲስ አበባ ጠሩን። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ ሽቅብ የሚወጣ መስመር አሳየን። የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ላይ ተሰብስቦ አዋቂዎች ሲያስተዳድሩት እንዲህ ያድጋል አለ። አዋቂዎቹ ሲሳሳቱስ ኪሳራው የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው ነው አለኝ። ትክክል ሲሆኑስ አልሁ። ሁለቱም ይጠቀማሉ አለ። እንግዲያው ሲሳሳቱ ለማስተዳደሪያ የወሰዱትን ክፍያ ይመልሳሉ ወይ ብዬ ስቀጥል የሻይ ሰዓት ደረሰ ተባለ። ከሻይ በኋላ እጄን ባወጣም ዓይኑ እኔ ያለሁበት ወንበር ላይ አላረፈም።

እዚያ ሥልጠና ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ጓደኛዬ አሁን አዲስ አበባ ነው። የአክሲዮን ገበያው ሲከፈት እዚያው ገባ። ሥራህ ምንድን ነው ስለው ደላላ ነኝ አለኝ። እኔ የማውቀው ደላላ ከብት ተራ ላይ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከገዢም ከሻጭም የሚበላውን ነው። ልዩነቱን አስረዳኝ ስለው ረጅም ጊዜ ወስዶ አስረዳኝ፤ ከከረባቱ በቀር ልዩነት አላገኘሁበትም። አሁንም አልፎ አልፎ ይደውላል። ገንዘብህን ሽንኩርት ላይ አታበስብሰው፣ ወረቀት አይበሰብስም ይለኛል። መንገድ ተዘግቶ መኪና ሳይወጣ በከረመበት ጊዜ መጋዘኔ ውስጥ ነጭ ሽንኩርቱ ሲያቆጠቁጥ እያየሁ ይህን ሲለኝ ልቤ ይዝል ነበር። ቢሆንም እኔ የሚያቆጠቁጠውን በዓይኔ አየዋለሁ። የእሱ ወረቀት ሲበሰብስ በምን እንደሚያውቀው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ከባንክ ያስወጣኝ ትልቅ ነገር አይደለም። ጃናሞራ ሄጄ ለገበሬዎች አክሲዮን እንድሸጥ ታዘዝሁ። የሰጡኝን ወረቀት አገላብጬ ሳየው ስለ ትርፉ ብዙ ተጽፏል። ገበሬው ቢቸግረውና አክሲዮኑን መልሶ ልሽጥ ቢል ለማን እንደሚሸጠው ግን የተጻፈ ነገር የለም። አለቃዬን ጠየቅሁት። እሱን ለእኛ ተወው አለኝ። በግ የገዛ ሰው ቢጸጸት ቅዳሜ ገበያ አውጥቶ ከሰዓት በፊት ይገላገለዋል፤ ቢከስር እንኳ መክሰሩን ያውቃል። ይህ ወረቀት ግን መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም አልሁ። አለቃዬ አንተ ስትባል ነገር ታበዛለህ አለ። እኔም ተናድጄ ለቀቅሁ። ጀግንነት አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ንዴቴ ሲበርድ ሥራ አልነበረኝም።

ነጭ ሽንኩርት የጀመርሁት አገሩ ስለሚያበቅለው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሻጩ ከጆንያው አፍ ላይ የደረቀውን ያደርጋል፤ ዝናብ የነካውን መሀል ይከተዋል። ስለዚህ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ክርኔ እሰድዳለሁ። እርጥቡ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። እኛ ነጋዴዎችም መላእክት አይደለንም፤ እኔ ራሴ አንድ እርጥብ ራስ ካገኘሁ ዋጋ ለማስወረድ ጆንያው ሙሉ እንደበሰበሰ ፊቴን አጨማድዳለሁ። ግን ያታለልሁት ሰው በሚቀጥለው ገበያ አንገቴን ያንቀኛል፤ ያታለለኝንም አገኘዋለሁ። ገበያ የምለው ይኼንን ነው። ፈንድ የሚሉት ነገር ላይ ጥርጣሬ የያዘኝ ሞኝነቱ ታይቶኝ ሳይሆን የምይዘው አንገት ስለሌለው ነው።

ይህን ሁሉ ለማን ልንገር። የባንክ ጓደኞቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ በአንገታቸው ሰላም ይሉኛል። ነጋዴዎቹ ደግሞ ከእነሱ ወገን አድርገው አልቆጠሩኝም፤ ተቀምጠው ሲያወጉ ስደርስ ወሬው ይለወጣል። በሠፈሩ ስሜ «ባንኩ» ነው። ባንኩ መጣ፣ ባንኩ ገዛ፣ ባንኩ ከሰረ ይላሉ። ከመጋዘኑ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን እበላለሁ፤ ጉም ሲወርድ መስኮቱ ነጭ ይሆንና ያለሁበት ከተማ እንኳ አይታየኝም። አንዳንድ ጊዜ ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ሱፍ ተውሰው ይመጡና ለባንክ ፈተና ምን እናጥና ይሉኛል። ሰው ሲዋሽ ፊታችሁ እንዳይለወጥ ተለማመዱ እላቸዋለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። እነሱ ስቀው ሲሄዱ ቤቱ ጭር ይልብኛል።

እሷን ያገኘኋት በዚያ ብቸኝነቴ ወቅት ነው። ዳባት ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የነጭ ሽንኩርቱ ውኃ የጣቶቼን ቆዳ ልጦት ቅባት ልገዛ ገባሁ። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ኋላ ትላለች ብዬ ስጠብቅ እጄን ይዛ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ይቅርታ፣ ሽታው ያስቸግራል አልኋት። በዚህ ሽታ ነው ያደግሁት አለችኝ። አባቷ ገበሬም ነጋዴም ናቸው፤ የሚያመርቱትም የሚነግዱትም ነጭ ሽንኩርት ነው። እጄ ከዳነ በኋላም ያንኑ ቅባት መግዛቴን አልተውሁም፤ ሦስተኛውን ስገዛ ሳቀችብኝ። በዚያ ዓመት ውስጥ ሳልጠራጠር ያመንኋት ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

ልንጋባ ስንስማማ ወጉን ጠብቀን ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴ፣ የአጎቴ የነፍስ አባትና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሆነው እሑድ በማለዳ ዳባት ወረዱ። ሽማግሌዎቹ ከአባቷ ደጅ ቆመው፣ የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም አሉ። ከዚያ ተቀምጠው ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ ተናገሩ። አባቷ በክብር ሰምተው፣ ዘመድ ላማክርበት ብለው ሸኟቸው። ዘመድ ላማክር ማለት እንቢም እሺም አይደለም፤ አጎቴ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ሥራውን ምን ብላችሁ ነገራችኋቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። የባንክ ሰው ነው ብያለሁ አሉኝ። ከባንክ ከወጣሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ እሷ ደወለችልኝ። አባቷ ለእናቷ፣ ልጄን ለባንክ ሰው አልሰጥም ብለዋል። ምክንያቱን እናቷ ነገረቻት። ከዓመታት በፊት አንድ ሱፍ የለበሰ ልጅ ዳባት መጥቶ ሊቋቋም ነው የተባለ ባንክ አክሲዮን ሲሸጥ አባቷ በቅሏቸውን ሸጠው ገዝተው ነበር። ባንኩ ሳይቋቋም ቀረ። ገንዘቡ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ሲመለስ የበቅሎዋን ኮርቻ እንኳ የሚገዛ አልሆነም። ያ ልጅ ዳግመኛ ዳባት አልታየም። እኔ ከባንክ ለወጣሁበት ነገር ከእኔ በፊት ዋጋ የከፈሉት ሰውዬው ነበሩ፤ ልጃቸውን የከለከሉኝ ደግሞ እኔ ጥዬው በወጣሁት ነገር ነው። ስልኩን ይዤ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አንቺ ንገሪያቸው አልኋት። በወጉ ግን እኔን ልታውቀኝ አይገባም፤ ሽማግሌ የላከው ሰው ከባንክ ወጥቷል ብትል ከየት አወቅሽው ነው የሚሏት። ያም ይቅር ቢባል የባሰ ነገር ይመጣል፤ ካህን ያሉበት ሽማግሌ ቤታቸው ገብቶ ዋሸ ማለት ነው። አባቷ ውሸት ከሚናገር ሽማግሌ ጋር ከሚዛመዱ ልጃቸው ቆማ ብትቀር ይመርጣሉ። የላክሃቸው ሰዎች ራሳቸው ተመልሰው ያርሙት አለችኝ።

አጎቴ ቤት ሄድሁ። የገብስ ክምራቸውን ይከድኑ ነበር። ተመልሰው ሄደው እውነቱን እንዲናገሩ ለመንኋቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ ያስተማርሁህ ለባንክ ነው። የተማርኸውን ማን ወሰደብህ? አገሩስ ሁሉ ባንኩ እያለ አይደል የሚጠራህ?» አሉኝ። አልዋሹም፤ እውነት ይመስላቸዋል። በእሳቸው ሐሳብ ተኳርፌ የወጣሁ ነኝ፤ ኩርፊያ ደግሞ ያልቃል። ነጭ ሽንኩርቱን እስኪያልፍልኝ የማደርገው ነገር ነው ብለው ነበር የያዙት። ሰውዬው ያመነቱት ስላላከበርንህ ነው፣ በሚገባ አልተናገርንልህም አሉ።

ከጥምቀት በኋላ ድጋሚ ሲሄዱ፣ ባንክ ተመልሶ ሲገባ መሆኑ አይቀርም ብለው ምክትል ሥራ አስኪያጅ አድርገውኝ ተመለሱ። አባቷ አሁንም ዘመድ ላማክር አሉ። ጾም ሊገባ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ወረዱና ወደ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ልዛወር እንደሆነ ተናገሩ። ሽማግሌዎቼ ከፍ ባደረጉኝ ቁጥር ሰውዬው ይርቁ ነበር። ባንክ ውስጥ በነበርሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ እድገት አግኝቼ አላውቅም። አጎቴን ዝም እንዲሉ መለመን ሰለቸኝ፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ብርድ እግራቸውን እየጎተቱ ስለ እኔ ሲመላለሱ ማየቱ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው እሷ ሌላ ሐሳብ ያመጣችው። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ እንደ ነጋዴ ሄደህ ግዛው፣ ጠባይህን ይየው፣ ከዚያ ራስህ ትነግረዋለህ አለችኝ። ሄድሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ጆንያቸው ውስጥ ክንዴን ስሰድድ ዝም ብለው አዩኝና፣ «ባታምነኝ አልፈርድብህም፤ እኔም ካንተ ብገዛ እንደዚሁ ነው» አሉ። እርጥብ አላገኘሁም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የእሳቸውን ነጭ ሽንኩርት የምገዛው እኔ ሆንሁ። ጾም ሲሆን ወጡ ሁሉ ሽሮ ነውና ነጭ ሽንኩርት ይፈለጋል፤ ሌሎች ዋጋ ጨምረው ሲጠሯቸው እንኳ ለደንበኛዬ ብለው ያቆዩልኝ ነበር። አባ እላቸዋለሁ፤ የደባርቁ ይሉኛል።

ከተመዘነ በኋላ አጥር ሥር ተቀምጠን እናወጋለን። ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገዱ። ስለ ባንክም ያወራሉ፤ እኔ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የጠየቅሁትን ጥያቄ ፊደል የቆጠሩ፣ ዳዊት የደገሙ ናቸውና ከእኔ በተሻለ ቋንቋ ይጠይቁታል። አንድ ቀን ከደባርቅ አብሮኝ የመጣ ጫኝ ከሩቅ ባንኩ ብሎ ጠራኝ። ምነው ባንኩ አለህ ሲሉኝ፣ ብድር ስለማልሰጥ ነው አልኋቸው። ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከባንክ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ አብሮኝ የሳቀ ሰው አልነበረም። በዚያ አጥር ሥር አባት ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ሌላ ሰው ታመጣብኛለች፣ ከዚያ በፊት ለአባቴ ንገረው ስትለኝ ቆረጥሁ። በጾሙ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ከተመዘነ በኋላ፣ አባ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለኝ ብዬ ጀመርሁ። እሳቸው ግን የራሳቸው ሐሳብ ይዟቸው ነበር። ልጃቸውን የጠየቁ ሽማግሌዎች እንዳሉ፣ ልጁ የባንክ ሰው ስለሆነ እንዳልፈቀዱ አጫወቱኝ። የሚከብዳቸው ሽማግሌዎቹን መመለሱ ነበር። በተለይ አንዱ፣ ደባርቅ በዕርቅ የታወቁት፣ በዚህ ዘመን እንደ እሳቸው ቃሉ የሚታመን ሰው የለም አሉ። የአባቷን የወንድም ልጅና የአንድ ጎረቤታቸውን ቤተሰብ ያስታረቁት አጎቴ ናቸው፤ ሁለቱ ቤቶች ዛሬም የሚጠራሩት በእሳቸው ቃል ነው። የምትነግረኝ ምን ነበር አሉኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ዘግይቼ እመጣለሁ ልል ነው አልሁ። ልቤ ግን አጎቴን ራሳቸውን ይዤ መጥቼ፣ ተሳስቼ ነው ብለው በአንደበታቸው እንዲናገሩ ለማድረግ ወስኖ ነበር። ራሳቸው ሲያርሙት ስሕተት ይባላል፤ ሰው ሲያርማቸው ግን ውሸት ይባላል።

አጎቴ በዚያው ሳምንት ታመሙ። ሳል ነው፣ ብርድ ነው ሲባል ሳንባቸው ሆነና ሐሙስ ዕለት አረፉ። ስለዚያ ጉዳይ አላነጋገርኋቸውም፤ እጄን ይዘው፣ ሚስትህን ሳላይ ብለው ነበር የተናገሩት። ሌላ ምን እላቸዋለሁ።

ለቅሶው ላይ ያስታረቋቸው ሰዎች ሁሉ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ በአንድ ወገን የገዳይ፣ በሌላው ወገን የሟች ዘመዶች ተቀምጠው ከአንድ ሰፌድ ንፍሮ ይዘግኑ ነበር። እኔ ጥቁር ነጠላ ለብሼ ከቤተ ዘመድ ጋር ከፊት ተቀምጫለሁ። ረፋድ ላይ ከዳባት ሰዎች ገቡ፤ ከመካከላቸው አባቷ ነበሩ። ለዕርቅ ሽማግሌው ክብር ብለው ነው የመጡት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ እያሉ በተራ ሲጨብጡ እኔ ጋ ደረሱ። እጄን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«አንተ ለሟቹ ምናቸው ነህ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የወንድማቸው ልጅ ነኝ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

ፊት ለፊታችን የአጎቴ የነፍስ አባት መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ከአጎቴ ጋር ዳባት ወርደዋል። እኛን እያዩ ነበር።

«እንግዲያው ልጄን የጠየቀው የባንክ ሰው አንተ ነህ» አሉኝ አባቷ። «ወይስ ሽማግሌዎቹ ሌላ ነገር ነው የነገሩኝ?»

የቀረልኝ አንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ነበር። ከባንክ የወጣሁት እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ እርስዎ የሚያውቁኝ የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፤ በቃ። ይህን ብል እሷ የእኔ ነበረች። ነገር ግን አጎቴ ዳባት ቤታቸው ተቀምጠው ሦስት ጊዜ ዋሹ ማለት ነበር። አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ ቃላቸውን አምነው ከአንድ ሰፌድ በሚበሉት ሰዎች መሀል፣ ያስተማሩኝን ሰው ውሸታም ማድረግ ነበር። ዓመታት ሙሉ የሌላውን ሰው ቃል ስጠራጠር የኖርሁ ሰው፣ ያን ዕለት የአንድ ሰው ቃል እንዳይጠረጠር ፈለግሁ።

«አዎ» አልሁ። «የባንክ ሰው ነኝ። ሽማግሌዎቹ የነገሩዎት እውነት ነው።»

«ነጭ ሽንኩርቱስ?»

«የጎን ሥራ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አክሲዮኑን የሸጠልኝም ልጅ አባ ነበር የሚለኝ» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ከዳባት ሰዎች ጋር ሄደው ተቀመጡ። ካህኑ ዓይናቸውን ከእኔ አንሥተው ወደ መሬት አደረጉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ስደርስ ጆንያዎቻቸው ላይ የሌላ ነጋዴ ምልክት ተደርጎ ነበር። ከእኔ ባነሰ ዋጋ እንደሸጡለት ነጋዴው ራሱ ሲያወራ ሰማሁ። ሰላም አልኋቸው፤ በትሕትና ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ እንደሚደረገው እጅ ነሱኝ። ያን ቀን ከሌሎች ገበሬዎች ገዝቼ ተመለስሁ፤ ከመካከሉ አንዱ ጆንያ ግማሹ እርጥብ ነበር። ክንዴን መስደድ ረስቼ ነው።

እሷ ከፋሲካ በኋላ ወደ ጎንደር ተዛወረች። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ከመድኃኒት ቤቱ ደወለችልኝ። አባቷ ቤት ገብተው ለእናቷ የተናገሩትን ሰምታለች። ለምን እንደዚያ እንዳልሁ ጠየቀችኝ። ስለ አጎቴ ነገርኋት፤ ስለ ድንኳኑ፣ ስለታረቁት ሰዎች፣ ስለ ካህኑ ዓይን። አላቋረጠችኝም። ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ በሩም ሲጥጥ ሲል ይሰማኝ ነበር።

«አጎትህ አርፈዋል» አለችኝ። «እኔ ግን አለሁ።»

መልስ ጠበቀች። ስልኩን ሁለታችንም ይዘን ሳለ የሆነ ሰው የልጅ የሳል መድኃኒት ሲጠይቃት ሰማሁ። መጣሁ አለችውና ስልኩን ዘጋችው።